ውሃ የሚፈራ ሰው ስኖርክል እንዲለምድ፦ ከባሕር ዳር ገንዳ እስከ ባሕሩ

ስኖርክል ማድረግ መጥለቅ አይደለም። ዓይንንና አፍንጫን የሚሸፍን ማስክ ይደረጋል፣ ጫፏ ከውሃ በላይ የምትቀር ቱቦ አፍ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በሆድ ተንሳፍፎ ወደ ታች ማየት ነው። ሲያወሩት ቀላል ነው። ውሃ የሚፈራ ሰው ግን ፊቱን ነክሮ ተንፍስ ሲባል መላ ሰውነቱ እምቢ ይላል።

እዚህ ባሕር ዳር እንዲህ ዓይነት ሰው ብዙ ጊዜ ይገጥመኛል። አንዷ ለጫጉላ ዛንዚባር ልትሄድ ነው። ሌላው ጅቡቲ የሚሠራ ወንድሙን ሊጠይቅ ነው። የጉዞው ፕሮግራም ውስጥ ስኖርክል አለ። መልሳቸው ደግሞ ተመሳሳይ ነው፦ «እናንተ ግቡ፣ እኔ ጀልባው ላይ ሆኜ ልብስ እጠብቃለሁ።» አይፈረድባቸውም። ሐይቅ ዳር ብናድግም ብዙዎቻችን ከልጅነት ጀምሮ የሰማነው «ውሃ ዳር እንዳትደርስ!» የሚል ቁጣ ነው።

ይህን የምጽፈው ለጀማሪው ሳይሆን አጠገቡ ለምትቆሙት ነው፤ ለባል፣ ለእህት፣ ለጓደኛ። ውሃ የሚፈሩ ሰዎችን ሳይ አንድ ነገር ይደጋገማል፦ አየር ያስገባሉ፣ ግን አያስወጡም። ከታች የምታነቡት ሁሉ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው። ትንፋሿን በደንብ ማስወጣት የቻለች ሴት ሌላውን ሁሉ ትማራለች። (ከዚህ በኋላ ጀማሪዋን «እሷ» እላለሁ፤ ለወንድም ያው ነው።)

አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ። እናንተ ራሳችሁ መዋኘት መቻል አለባችሁ። ካልቻላችሁ የዋና አስተማሪ ቅጠሩና አብራችሁ ተማሩ።

ጣና ውስጥ አትጀምሩ

ሐይቁ ደጃችን ላይ እያለ ገንዳ ፍለጋ መሄድ ሞኝነት ሊመስል ይችላል። ግን ጣና ለዚህ ሥራ አይሆንም። ዋናው ምክንያት ቢልሃርዚያ ነው። የበሽታው ተሐዋሲ ዳር ዳር ባለው ሣርና ቄጠማ መሃል በሚኖሩ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ያድጋል። ከዚያ ወደ ውሃው ይወጣና የሰው ቆዳ ካገኘ በደቂቃዎች ውስጥ ዘልቆ ይገባል። ቁስል ወይም ጭረት አያስፈልገውም። ስኖርክል የሚለማመድ ሰው ደግሞ ረጅም ጊዜ የሚቆየው ጥልቀት በሌለው ዳር ላይ ነው፤ ቀንድ አውጣዎቹ የሚገኙትም እዚያው ነው። ከዚህ በፊት ሐይቁ ውስጥ የዋኘ ካለ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው፣ ይድናል።

ሁለተኛው ምክንያት፣ ምንም አይታይም። ጣና ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ አማካይ ጥልቀቱ ከ8 እስከ 9 ሜትር ነው። ነፋስ ሲነሣ ከታች ያለው ደለል ይበጠበጣል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ግልገል አባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ አፈር ይዘው ይመጣሉ። ማስክ አድርጎ ፊቱን የነከረ ሰው የሚያየው ቡናማ ጭጋግ ብቻ ነው። ለሚፈራ ሰው ከታች ምን እንዳለ አለማወቅን የሚያህል አስጨናቂ ነገር የለም። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ መኖሩንም አትርሱ።

ስለዚህ ገንዳ። ሐይቁ ዳር ካሉት ትልልቅ ሆቴሎች መካከል የመዋኛ ገንዳ ያላቸው አሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የውጭ ሰው ከፍሎ መግባት ይችላል ወይ፣ ወገብ ላይ የሚደርስ ቦታ አለው ወይ፣ ዋናተኞችን የሚጠብቅ ሰው አለ ወይ። ስትደርሱ ደግሞ ጥልቁ ጫፍ ላይ ቁሙና ወለሉን ተመልከቱ። የወለሉ መስመር ጥርት ብሎ ካልታያችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ቅዳሜና እሁድ ልጆች ይዘላሉ፣ ይራጫሉ፤ ለሷ ጥሩ አይደለም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ካሉት ቀናት አንዱን ምረጡ። ሰዓቱም ለውጥ ያመጣል። ያልሞቀ ገንዳ በማለዳ ይቀዘቅዛል፣ የበረደው ሰው ደግሞ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ ውሃውን ትንሽ ሲያለዝበው ጥሩ ነው። የጾም ወቅት ከሆነና እስከ 9 ሰዓት የምትጾም ከሆነ በባዶ ሆዷ አታስገቧት፤ ከበላች ከአንድ ሰዓት በኋላ አድርጉት። ጫት የቃመ ወይም የጠጣ ሰው ደግሞ በዚያ ቀን ውሃ ውስጥ አይገባም። ጫት ልብን ያፈጥናል፤ እኛ ደግሞ የምንፈልገው ልብ እንዲረጋጋ ነው። የልብ ሕመም፣ አስም ወይም የሚጥል በሽታ ካለባት መጀመሪያ ሐኪም ታማክር።

ስለ ልብስም ልበል። ስለ ሰውነቷ እያሰበች የምትሳቀቅ ሴት ስለ ትንፋሿ ማሰብ አትችልም። ታይትና ረጅም እጅጌ ያለው የዋና ቲሸርት ይበቃታል፤ ባሕር ስትሄድ ጀርባዋን ከፀሐይ የሚያድንላትም እሱው ነው። ጥጥ ግን አይሁን፤ ውሃ ይጠጣና ይከብዳል።

ማስኩ ልክ ካልሆነ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው

ከሁሉም ዕቃ ገንዘብ ማውጣት ያለባችሁ ለማስኩ ነው። ውሃ የሚያስገባ ማስክ የሳምንት ሥራ በአንድ ደቂቃ ያበላሻል። ብትችሉ ከውጭ የሚመጣ ሰው እንዲያመጣላችሁ ላኩ፤ ግን «አንድ ማስክ አምጣልኝ» ብላችሁ አትተዉት። ምን እንደሚመርጥ ንገሩት። መስታወቱ በቀላሉ የማይሰበር ዓይነት፣ ፊት ላይ የሚያርፈው ጠርዝ ለስላሳ ሲሊኮን ይሁን። የዋና መነጽር አይሆንም፣ ምክንያቱም አፍንጫን አይሸፍንም። ፊትን በሙሉ የሚሸፍነውንም ለጀማሪ አልመክርም። የተተነፈሰው አየር በደንብ ካልወጣ ውስጡ ይጠራቀማል፤ ስትደነግጥም ቶሎ ከፊቷ ላይ ልታወልቀው አትችልም።

ልኩ የሚታወቀው እንዲህ ነው። ማሰሪያውን ወደ ፊት ገልብጡት። ማስኩን ፊቷ ላይ አሳርፉት፣ በአፍንጫዋ ትንሽ አየር ትሳብ፣ ከዚያ እጃችሁን ልቀቁ። ካልወደቀ ልኳ ነው። ከወደቀ ሌላ ሞክሩ። ማሰሪያውን ማጥበቅ መፍትሔ አይሆንም፤ እንዲያውም ሲጠብቅ ጠርዙ ይታጠፍና ውሃ ያስገባል።

ሹሩባ ተሠርታ ከሆነ ጠጋ ብላችሁ እዩ። ግንባሯ ላይ ያለው የመጀመሪያ ጉንጉን ከሲሊኮኑ ጠርዝ ሥር ከገባ ውሃ በዚያው ይሾልካል። በጣታችሁ ፀጉሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጉላት። ማሰሪያው ደግሞ ወፍራም ጉንጉን ላይ እየተንሸራተተ ወደ አንገት ይወርዳል፤ ከኋላ ከታሰረው ፀጉር በላይ አሳርፉት። ወንድ ከሆነ ጢሙ ነው የሚያስቸግረው። ከአፍንጫ ሥር ያለውን ቢላጨው ይገላገላል።

አዲስ ማስክ መስታወቱ ላይ ከፋብሪካ የሚመጣ ስስ ቅባት አለው። ጄል ያልሆነ ነጭ የጥርስ ሳሙና በጣት እያሻችሁ ደጋግማችሁ እጠቡት። ይህን ካላደረጋችሁ ሁልጊዜ ጉም ይለብሳል። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ከመግባት በፊት መስታወቱን ከውስጥ በኩል በምራቅ ማሸትና ለቅለቅ ማድረግ በቂ ነው። ምራቅ የሚያስጠላት ከሆነ አንድ ጠብታ የሕፃናት ሻምፖ ያው ነው።

ቱቦዋ ረጅም አትሁን። መደበኛዋ ከ40 ሴንቲ ሜትር አትበልጥም፣ ይህም በምክንያት ነው። ሰው ሲተነፍስ ቱቦው ውስጥ የቀረውን የተቃጠለ አየር መልሶ ይስበዋል። ተራ ቱቦ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር አየር ትይዛለች። በእርጋታ የሚተነፍስ አዋቂ በአንድ ጊዜ የሚያስገባው ግማሽ ሊትር ያህል ነው። በፍርሃት አጭር አጭር የሚተነፍስ ሰው እንግዲህ የሚያመላልሰው በአብዛኛው ያንኑ የተቃጠለ አየር ነው። «አየር አጠረኝ» የሚለው ስሜት የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለተጠራቀመ ነው እንጂ ቱቦዋ ስለተደፈነች አይደለም። ይህን ለሷ በደንብ አስረዷት። ፍርሃቷ ምክንያት እንዳለው፣ ምክንያቱም መፍትሔ እንዳለው ማወቅ በራሱ ያረጋጋል።

ሳሎን ውስጥ፣ ሶፋ ላይ

የመጀመሪያው ልምምድ ቤት ውስጥ ነው። ማስኩን አድርጋ፣ ቱቦዋን ነክሳ ሶፋ ላይ ትቀመጥ። ቴሌቪዥን ብታይም ችግር የለውም። አፍንጫዋ ተሸፍኗል፤ በአፏ ብቻ ነው የምትተነፍሰው። ብዙ ሰው የሚጨነቀው እዚሁ ነው፣ ውሃ ገና ሳይመጣ። ጥሩ ነው፤ ጭንቀቱ ሶፋ ላይ ይምጣና ሶፋ ላይ ይለፍ።

ከዚያ ቁጠሩላት። በሦስት ታስገባ፣ በስድስት ታስወጣ። ማስወጣቱ የማስገባቱን እጥፍ ይሁን። ቁጥር የሚሰለቻት ከሆነ የምታውቀውን ዜማ በቱቦው ውስጥ ታንጎራጉር። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። የሚያንጎራጉር ሰው ሳያስበው ትንፋሹን ያስወጣል፣ ትንፋሽ ይዞ ማንጎራጎር አይቻልም። እናንተም ትጠቀማላችሁ፤ ውሃ ውስጥ ስትሆን ድምፁን ከቱቦዋ ጫፍ ስለምትሰሙት ሁሉ ነገር ሰላም መሆኑን ታውቃላችሁ። ድምፁ ከተቋረጠ ትንፋሿን ይዛለች ማለት ነው።

ጥርሷን አጥብቃ እንዳትነክስ ተመልከቱ። ጎማውን በከንፈሯ ትያዘው፣ ጥርሷ አረፍ ብቻ ይበልበት። መንጋጋዋ ካመማት እየታገለች ነው።

ምልክትም እዚሁ ተስማሙ። ክንዳችሁን አንዴ ከጨመቀች «ደህና ነኝ»፣ ሁለቴ ከጨመቀች «አውጣኝ» ይሁን። ሁለቴ ከተጨመቀ ወዲያው ታቆማላችሁ። «ትንሽ ቆዪ»፣ «አንዴ ብቻ» የሚባል ነገር የለም። ያንን አንድ ጊዜ ካፈረሳችሁ እምነቷን ለመመለስ ብዙ ጊዜ ይፈጅባችኋል።

ወገብ ላይ የሚደርስ ውሃ

ጠበል ሲፈስባችሁ ትንፋሻችሁ ቁርጥ ሲል ታውቁታላችሁ። ቀዝቃዛ ውሃ ፊትና አንገት ላይ ሲያርፍ ሰውነት በራሱ አየር ይስባል። ከፍርሃት ጋር አይገናኝም፣ ጀግናም ፈሪም ላይ ይደርሳል። ፊቷን ድንገት ብትነክር ያ ስሜት ከውሃ በታች ይመጣባታል፤ ውሃ ማነቅ የሚጀምረው እንዲያ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በእጇ ውሃ እየዘገነች ፊቷን፣ አንገቷን፣ ደረቷን ታርጥብ። ትንፋሿ እስኪረጋ ድረስ ትድገመው። ውሃ የምትረጨው እሷ እንጂ እናንተ አትሁኑ።

አሁን ማስኩን ታድርግ፣ ቱቦው ገና ይቆይ። የገንዳውን ጠርዝ ይዛ አፏን ብቻ ውሃ ውስጥ አስገብታ አረፋ ታውጣ። ከዚያ ቱቦውን ጨምራ፣ ቆማ፣ ጎንበስ ብላ ፊቷን ትንከር። እግሯ መሬት ላይ ነው፣ እጇ ጠርዙን ይዟል። አምስት ትንፋሽ፣ ከዚያ ቀና። አሥር ትንፋሽ፣ ከዚያ ቀና።

አንዲት የባንክ ሠራተኛ እዚህ ላይ ቆማ ቀረች። ለጫጉላ የምትሄደዋ ናት። የመወጣጫውን ብረት የያዘችበት እጅ ጣቶቹ ነጭ እስኪሆኑ ድረስ ጨብጧል። ባሏ ከጎን «አይዞሽ፣ አትፍሪ፣ ምንም የለም» ይላል። በእርግጥ ከፍቅር ነው፤ ግን «ምንም የለም» ሲላት የበለጠ ብቻዋን ሆነች። ዝም እንዲል ጠየቅሁት። ኪሴ ውስጥ የነበሩ የአንድ ብር ሳንቲሞችን እግሯ ሥር ወለሉ ላይ በተንኳቸውና «የትኛው አንበሳ ነው፣ የትኛው ሚዛን?» አልኳት። ፊቷን ነከረች። ቀና አለች፣ «አንዱ አንበሳ ነው።» ሌሎቹስ? እንደገና ነከረች። ይህን ጊዜ ቆየች። ብረቱን የያዘው እጇ ላይ አውራ ጣቷ ሲላላ አየሁ፣ ቀጥሎ ሌሎቹ። ስትነሣ «ሁለት ሚዛን አለ፣ አንዱ ግን ዝጓል» አለች። ዝገቱን እስክታይ ድረስ ተረጋግታለች ማለት ነው።

ሳንቲም ይዛችሁ ሂዱ። የሚያይ ነገር ያገኘ አእምሮ ስለ ራሱ ትንፋሽ መጨነቁን ይተዋል። እግረ መንገዷንም አንድ ነገር ትማራለች፦ ሳንቲሙን ልታነሣ እጇን ስትሰድ ከገመተችው በላይ ርቆ ታገኘዋለች። በማስክ ውስጥ ነገሮች በሩብ ያህል ቀርበው፣ በሲሶ ያህል ገዝፈው ነው የሚታዩት። ባሕር ውስጥ ትልቅ ዓሣ አጠገቧ የመጣ ሲመስላት ይህን ታስታውሳለች።

ስትተነፍስ ደረቷ ላይ ጫን የሚል ነገር ይሰማታል። የውሃው ግፊት ነው፤ የሁሉም ሰው ደረት ላይ አለ። አስቀድማችሁ ንገሯት።

መነሣት ከመንሳፈፍ ይቀድማል

ብዙ አስተማሪ ማንሳፈፍን ያስቀድማል። እኔ አልስማማም። የሚፈራ ሰው ጥያቄ «እንዴት እንሳፈፋለሁ?» ሳይሆን «ከተንሳፈፍኩ በኋላ እንዴት እቆማለሁ?» ነው። በሆድ ተኝቶ ሳለ እግርን ወደ ታች ማምጣት ላልለመደ ሰው በጣም ይከብዳል፣ ግራ ያጋባል። ስለዚህ መነሣቱን አስቀድሙ።

አሠራሩ ይህ ነው። ጉልበቶቿን ወደ ሆዷ ትሰብስብ። የተዘረጉ እጆቿን ወደ ታች ውሃውን እየገፋች ወደ ዳሌዋ ታምጣ። ሰውነቷ በራሱ ይቃናል። ያኔ እግሯን ዘርግታ ትቁም፣ በመጨረሻ ራሷን ቀና ታድርግ። ራሷን ካስቀደመች እግሯ ወደ ኋላ ይሸሻል። የገንዳውን ጠርዝ እንደያዘች ደጋግማ ትሞክረው፤ ሳታስበው እስክታደርገው ድረስ።

ከዚያ መንሳፈፍ። እናንተ አትያዟት፣ እሷ ትያዛችሁ። ክንዳችሁን ዘርጉላት፣ ከላይ ትያዘው። መልቀቅ ስትፈልግ ትለቃለች፣ መያዝ ስትፈልግ ትይዛለች። ሆዷን ከሥር ደግፋችሁ «እየያዝኩሽ ነው» እያላችሁ ቀስ ብላችሁ መልቀቅ የሚባለውን ዘዴ ተዉት። ባወቀች ጊዜ እንደተታለለች ነው የሚሰማት። ክንዳችሁን ብቻ የማታምን ከሆነ ክዳኑ በደንብ የተዘጋ ባዶ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ከፊቷ ትያዝ፣ ወይም ላይፍ ጃኬት ትልበስ። ማስክ ያደረገ ሰው ላይፍ ጃኬት ለብሶ ቢያይ አያሳፍርም፤ ባሕር ላይም ያው ነው።

ፊቷ ወደ ታች፣ አንገቷ ዘና ያለ ይሁን። ወደ ፊት ለማየት ቀና ካለች የቱቦዋ ጫፍ ወደ ኋላ ይዘምና ውሃ ይገባባታል፤ እግሯም ይሰምጣል። እዚህ ላይ አንድ የሚያስደስታትን ነገር ንገሯት፦ የገንዳው ውሃ ጨው አልባ ነው። ቀይ ባሕር በአንድ ሊትር ወደ 40 ግራም ጨው አለበት፤ ሰውን ከገንዳው በተሻለ ያንሳፍፋል። ባሕር ዳር ደግሞ ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል አየሩ ሳሳ ያለ ነው። እዚህ የለመደችው ነገር እዚያ ይቀላታል።

ውሃ ሲገባ

ይገባል። «አይገባም» ብላችሁ አትዋሹ። ሆን ብላችሁ እንዲገባ አድርጉ፣ ቆማ ሳለች።

ቱቦው ውስጥ፦ ቆማ ጎንበስ እንዳለች የቱቦዋን ጫፍ ውሃ ውስጥ ትንከር፣ ውሃው ሲገባ ትንፋሿን ትያዝ፣ ጫፉን ታውጣና «ፉ!» ብላ በኃይል ትንፋው። ቀጥሎ የምትስበው አየር ቀስ ያለ ይሁን፣ የቀረች ጠብታ ካለች እንዳታንቃት። አንዴ ካልጠራ እንደገና «ፉ!» ትበል። ለዚህ ሲባል ሁልጊዜ ደረቷ ውስጥ ትንሽ አየር ሊተርፍ ይገባል፤ ያለ የሌለውን አየር አውጥታ አትጨርስ። ታች በኩል የውሃ ማውጫ ያላቸው ቱቦዎች ይህን ያቀልላሉ፣ ውሃ ሲነካቸው ጫፋቸው የሚዘጋም አሉ። ቢኖሩ ጥሩ ነው፤ ግን «ፉ!» ማለትን ሳትማር በነሱ ላይ እንዳትተማመን።

ማስኩ ውስጥ፦ የላይኛውን ጠርዝ በጣቶቿ ግንባሯ ላይ ትጫን፣ ቀና ትበል፣ በአፍንጫዋ ትናፈጥ። ውሃው ከታች በኩል ይወጣል። መጀመሪያ አፍንጫዋን ውሃ ሲነካት ትደነግጥ ይሆናል። በአፍ እየተነፈሱ አፍንጫ ሥር ውሃ መኖሩን መቻል የሚለመድ ነገር ነው። ማስኩን አውልቃ፣ በቱቦ ብቻ እየተነፈሰች፣ ፊቷን ነክራ ጥቂት ትንፋሽ ብትለማመድ ባሕር ላይ ትልቅ ስንቅ ይሆናታል። ይህ ግን ከሁሉም ይከብዳል፤ በሌላ ቀን ቢሆን ይሻላል።

ስትደነግጥ

ድንጋጤው ከመምጣቱ በፊት ይታያል። ማንጎራጎሩ ይቆማል። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይወጣል። እግሯ ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው መሽከርከር ይጀምራል። ዓይኗ በማስኩ ውስጥ ይፈጣል። ከነዚህ አንዱን ስታዩ ሁለቴ እስክትጨምቅ አትጠብቁ፤ ፊት ለፊቷ ቁሙና አቁሟት። ቱቦውን ታውጣ። ማስኩ ግን ፊቷ ላይ ይቆይ፤ ወደ ግንባር ከተገፋ ይወድቃል፣ ይጠፋል። በረጅሙ ታስወጣ፣ እናንተም አብራችሁ አስወጡ። «ምን ሆንሽ?» ከማለት «ውሃ ገባ ወይስ አየር አጠረሽ?» ብትሏት ይሻላል። መልስ ያለው ጥያቄ ነው፣ ችግሩንም ወዲያው ታውቃላችሁ።

ከድንጋጤ በኋላ በዚያው አትውጡ። ቀላል ወደነበረው ደረጃ ተመልሳችሁ፣ ጠርዝ ይዛ አምስት ትንፋሽ አስተንፍሷት፣ ከዚያ ጨርሱ። በተሳካ ነገር ላይ መጨረስ ለሚቀጥለው ቀን ይረዳል። በጠቅላላው በአንድ ቀን ከግማሽ ሰዓት ወይም ከ40 ደቂቃ በላይ ባትቆዩ ጥሩ ነው።

መንቀሳቀስና ጥልቁ ጫፍ

የእግር ፊን፣ ማለትም እንደ ዓሣ ክንፍ ሰፊ የሆነው የዋና ጫማ፣ በመጨረሻ ይመጣል። መምታቱ ከዳሌ ይጀምር፣ ጉልበት ላላ ይበል፣ ፊኑ ከውሃ አይውጣ። እጆቿ ሥራ የላቸውም፤ ከጎን ወይም ከፊት ይረፉ። ፊን ለብሳ በእግሯ ወደ ፊት አትራመድ፣ ትወድቃለች፤ ወደ ኋላ ነው የሚኬደው።

ወደ ጥልቁ ስትሄዱ ወለሉ ቀስ እያለ ሲርቅ ታየዋለች። ለአንዳንድ ሰው ከሁሉም የሚያስፈራው ይህ ነው። ጠርዙን ተከትላችሁ ሂዱ፣ እሷ በግድግዳው በኩል፣ እናንተ በውጭ በኩል። የመጀመሪያ ጊዜ ወለሉ ማዘቅዘቅ እስከሚጀምርበት ሄዳችሁ ተመለሱ። እሷ ራሷ «እንቀጥል» እስክትል አትግፉ።

አንድ ነገር በጥብቅ ከልክሏት፦ ትንፋሽ በፍጥነት ደጋግሞ ስቦ መጥለቅ። አንዳንድ ወጣቶች ረጅም ለመቆየት ያደርጉታል። አየር የመፈለግ ስሜትን ያጠፋዋል፣ ሰውየው ሳይታወቀው ውሃ ውስጥ ራሱን ይስታል። ሰዎች ይሞቱበታል።

ባሕሩ ላይ

የመጀመሪያውን ቀን ከዳር ይጀመር፣ ከጀልባ አይሁን። ማዕበል የሌለበት፣ አሸዋ ያለው፣ እግር የሚደርስበት ቦታ ምረጡ። ገንዳው ውስጥ ያደረገችውን ሁሉ ከመጀመሪያው በአጭሩ ትድገመው፤ ፊት ማርጠብ፣ ቆሞ መንከር፣ መነሣት። ጨዋማ ውሃ አፏ ሲገባ እንዳትደነግጥ አስቀድማ በምላሷ ትቅመሰው።

ከጀልባ ከሆነ በመሰላል ትውረድ፣ አትዝለል። ላይፍ ጃኬቱ ይኑራት። አስጎብኚውን ከመሳፈራችሁ በፊት ስለ ጅረቱ ጠይቁት፤ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ጉልበት እያለ ከጅረቱ በተቃራኒ መጀመር፣ ሲደክም ከጅረቱ ጋር መመለስ ነው። በድንገት ትንፋሽ ካጠራት፣ ካሳላት ወይም ደረቷን ከያዛት የዚያ ቀን ስኖርክል አበቃ፤ ከውሃ ትውጣ፣ ካልተሻላት ሐኪም ትይ።

ጅቡቲ የምትሄዱ ከሆነ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ ለማየት ሰው ይጎርፋል። ሰው አይነካም፤ ሲታይም ያስደንቃል። ግን ጥልቅ ውሃ ላይ ከጀልባ ቶሎ ወርዶ መከተልን ይጠይቃል። ለሚፈራ ጀማሪ የመጀመሪያ ቀን አይሆንም። ለሦስተኛው ወይም ለአራተኛው ቀን አቆዩት።

ዛጎልም ኮራልም (ባሕሩ ወለል ላይ የሚያድገውን ድንጋይ መሳይ ነገር) አትንኩ፣ ኮራል ላይም አትቁሙ። ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ በቀስታ ነው የሚያድገው፣ በአንድ እርግጫ ይሰበራል። እግርንም ክፉኛ ይቆርጣል። አሸዋ እስኪገኝ መንሳፈፍ ነው፤ ይህን ደግሞ አሁን ትችላለች።

ስትመለሱ ማስኩንና ቱቦውን ጨው በሌለው ውሃ እጠቡ፣ ጥላ ላይ አድርቁ። ፀሐይ ላይ ከተዋችሁት ሲሊኮኑ ይደርቃል። በመጣበት ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት፤ ሻንጣ ውስጥ ከተጨፈለቀ ጠርዙ ቅርጹን ያጣና ለሚቀጥለው ሰው ውሃ ያስገባል።